ከቄስ ጋር ጉማሬ ፍለጋ

ባሌ ቄስ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለክብር ብዬ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ንዴት ሁሉ ከዚሁ ስለሚነሣ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አጥቢ እንስሳት ሳስተምር ጉማሬን በሥዕል እያሳየሁ ነው ያለፍኩት። ሥዕሉን በካርቶን ላይ የሣልኩት ራሴ ነኝ፤ ተማሪዎቼ አሳማ ነው እያሉ ይስቁበታል። ከቡሬ ወደ ዓባይ ሲወረድ ፓርክ ተብሎ በተከለለው በረሃ፣ ከቤቴ የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ፣ የእውነቱ ጉማሬ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ እንደሚሞቅ እያወቅሁ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም።

ለምን ቢሉ፣ ባሌን ሰው አይለቅልኝም። እሑድና በዓል የቤተ ክርስቲያን ነው። ሰሞነኛ ሲሆን ሳምንቱን ሙሉ የለም። ሰሞነኛ ባልሆነበት ሳምንት ደግሞ ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ማስታረቅ አለ። የመጀመሪያ ልጃችንን የወለድኩ ዕለት እሱ የሌላ ሰው ልጅ ሲያጠምቅ ነበር። ያ ያጠመቀው ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር አሁንም ይቆጨኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ፣ በጥር መጨረሻ የግማሽ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሳምንቱም የእሱ ሰሞን አልነበረም። “አንድ ቀን ስጠኝ” አልኩት። “ከጧት እስከ ማታ የእኔ ብቻ የሆነ አንድ ቀን። አብረን ቁጭ ብለን ጉማሬ እናያለን፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።” እሱም “ምን ገዶ! ብቻ ቀኑን አንቺ ቁረጪ” አለኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ በቀላሉ እሺ ያለኝን ሌላ ነገር አላስታውስም።

ውላችን ግልጽ ነበር። ጥምጥሙ ቤት ይቀራል፤ የልጃችንን ጃኬትና የሹራብ ቆብ ያደርጋል፤ የእጅ መስቀሉ ኪሱ ውስጥ ይውላል። ቤት ተወው ብዬ ብለምነው እንደማይሰማኝ ስለማውቅ እሱንስ አልሞከርኩትም። ሰው ፊት “እርስዎ”፣ ብቻችንን ስንሆን “አንተ” ነው የምለው፤ በዚያ ቀን ግን ማንም እንዳይጠረጥር ሰው ፊትም “አንተ” እንድለው ተስማማን። መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን አየና “የቡሬ በርበሬ ነጋዴ መሰልኩ” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቀን ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የፓርኩን ስካውት ቀድሜ በስልክ አግኝቼው ነበር። “ጧት ጧት አሸዋው ላይ ይወጣሉ፣ መምህርት። አራት ሰዓት ሳይሞላ ከደረሳችሁ በሙሉ ቁመናቸው ታዩአቸዋላችሁ። ፀሐይ ሲበረታ ውሃ ይገባሉ” ብሎኛል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስን። ሚኒባሱ ሞልቶ ገና ከከተማው ሳይወጣ ባሌ ቆቡን አወለቀና ድምፁን ከፍ አድርጎ “በስመ አብ” ብሎ ጀመረ። መኪና በተሳፈረ ቁጥር የመንገድ ጸሎት ያደርሳል፤ አፉ በልማዱ ሄደ እንጂ ውላችንን አላስታወሰም። “አባታችን ሆይ” ሲል መኪናው በሙሉ ተከተለው። ከ“አሜን” በኋላ ከጅጋ የመጡ አንዲት አሮጊት ከፊታችን ዞር ብለው በደንብ አዩትና “አባ፣ እስቲ መስቀልዎን ያሳልሙኝ” አሉ።

ጎኑን በክርኔ ጎሸምኩት። ፈተና ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ አየኝ፤ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። አሮጊቷ ተሳለሙ፣ ከጎናቸው ያለው ተሳለመ፣ ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ እየተንጠራሩ ተሳለሙ። ሾፌሩም ዳር ይዞ አቆመና ተሳለመ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ።

ቡሬ ላይ ወደ ዓባይ የምትወርደው መኪና እስክትሞላ ቆምን። አሮጊቷ ቀድመው አውርተዋል መሰለኝ፣ አንዲት ሴት ለታመመ ልጇ የሃይላንድ ውሃ ይዛ መጣችና እንዲጸልይበት ለመነችው። ጸለየ። ሁለተኛዋ መጣች፤ እሷ ግን ውሃ አልያዘችም። ባሌ ዘወር አለና ከቦርሳዬ የእኛን ጠርሙስ መዝዞ አወጣ፣ ጸለየበት፣ ሰጣት። ለሁለታችን የነበረን የመጠጥ ውሃ እሱ ብቻ ነበር። ምን ልንጠጣ ነው ስለው “የምንሄደው ዓባይ አይደል? ውሃ መቼ ይጠፋል?” አለኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ቃል ብናገር ቡሬ ይሰማኝ ነበር።

ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ደርሰናል ብዬ ደስ አለኝ። ስካውቱ፣ ጠና ያለ ሰው፣ እየሮጠ መጣ። ከመኪናው የወረዱት ሰዎች “አባ፣ በሰላም ይመለሱ” ሲሉት ሰማና እኔን ትቶ ባሌን አየ። ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደገፈ። ተሳለመና “አባ፣ ከሆነልኝ አንድ ጥያቄ ነበረኝ” አለ።

“እየሄድን ጠይቃቸው!” አልኩ።

“የንስሐ ነገር እየሄዱ አይሆንም፣ መምህርት” አለኝ፤ ባሌም ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄው የጉማሬ ሥጋ የበላ ሰው ንስሐው ምን ያህል ነው የሚል ነበር። “ጓደኛዬ ነው አባ፣ እኔ አይደለሁም” ሲል ጨመረ። ባሌ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የማያመሰኳ እንስሳ መብላት የተከለከለ መሆኑን ከኦሪት ጀምሮ ረጋ ብሎ አስረዳ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። በመጨረሻ “ለመሆኑ ያ ጓደኛህ ሲበላው ጣፈጠው?” ብሎ ጠየቀው።

“በጣም እንጂ አባ! ስቡስ ቢሉ!” አለና ስካውቱ አፉን በእጁ ያዘ።

ሌላ ቀን ቢሆን እንባዬ እስኪወርድ እስቅ ነበር። ስግደቱና ጾሙ ተቆጥሮለት፣ “እግዚአብሔር ይፍታህ” ተብሎ፣ ቁልቁለቱን ወርደን ከውሃው በላይ ካለው አለት ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አሸዋው ባዶ ነው። የሆዳቸው ቅርጽ ታትሞ ይታያል፤ ወደ ውሃው የገቡበት ዱካ ገና አልደረቀም። ዝቅ ብዬ ዱካውን በመዳፌ ለካሁት። አራት ጣት አለው፤ ልክ እንደማስተምረው።

“ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጥላ ሲመጣ ብቅ ይላሉ” አለ ስካውቱ፤ ዓይኔን እየሸሸ። “ብቻ ድምፅ እንዳይሰሙ።”

አንድ ሾላ ሥር ተቀመጥን። የበረሃው ሙቀት ያፍናል። ዳቦ ቆሎውን አወጣሁ፤ ያለ ውሃ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ባሌ “ምን ታደርጊዋለሽ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አለኝ። ያቺን የተናገረባትን ደቂቃ ዛሬም አልረሳትም።

“ያልቸኮለ ደግሞ ጉማሬ አያይም!” አልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተቆጣሁት፤ እንደዚያ መቆጣት እንዴት እንደሚያቃጥል የሞከረው ያውቃል። “ለሰው ሁሉ እሺ ትላለህ። ለአሮጊቷ እሺ፣ ለባለ ውሃዋ እሺ፣ ጉማሬ ለበላው እሺ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰው የተረፈህን ነው ያገኘሁት። እስኪ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ብለህ እንቢ በል!” ስካውቱ ተነሥቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ባሌ የሹራብ ቆቡን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ጥላው አሸዋው ጫፍ ላይ ደረሰ። ስካውቱ በጣቱ አሳየኝ፤ ውሃው መሐል አረፋ ይወጣል፣ ከአረፋው አጠገብ ሁለት ጥቁር ነጥብ ብቅ ብሏል። አፍንጫው ነው። ልክ ያን ጊዜ ከበላያችን ካለው ገደል “አባ! አባ!” የሚል ጩኸት መጣ። ነጥቦቹ ጠፉ።

አንድ ገበሬ ነው፣ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። ቄስ ወደ ወንዙ ወርደዋል ሲባል ሰምቶ ነው የመጣው። “እናቴ ሞት ላይ ናት አባ። የንስሐ አባቷ ሠርግ ብለው ቡሬ ወጥተዋል። ሳትናዘዝ እንዳታልፍብኝ” አለ። ቤቱ የአንድ ሰዓት ዳገት ነው። ባሌ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ውሃው አየሁ።

“ልጄ፣ ዛሬ አልችልም” አለ ባሌ።

ገበሬው አልለመነም። “ይሁን አባ” ብሎ መስቀሉን ተሳለመና ዳገቱን ተያያዘው።

ሠላሳ ዓመት የጠበቅኳት ቃል ተነገረች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ስካውቱ “አሁን፣ አሁን” እያለ ይጠቁመኛል፣ አረፋው ተመልሷል፤ የእኔ ጆሮ ግን የገበሬው ጫማ ጠጠሩ ላይ ሲንሸራተት እየሰማ ነው። ወደ ባሌ ዞር አልኩ። መስቀሉን በኪሱ ውስጥ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኗል። ጉማሬ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም።

“ተነሥ!” አልኩት።

“ምነው?”

“ተነሥ እንሂድ! ሴትየዋ ሳትናዘዝ ብትሞት ጉማሬው ነው የሚፈታት?” በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ። ቀኔን ከሰው ሁሉ ስከላከል ውዬ በመጨረሻ ራሴ በገዛ እጄ አበላሸሁት፤ በዚህም የምቆጣው ሰው ስላጣሁ ይበልጥ ተናደድኩ።

ገበሬውን ጠርተን ተከተልነው። እኔ ከፊት ነበርኩ፣ ባሌ ከኋላዬ። ከአለቱ ብዙ ሳንርቅ ከበስተኋላችን ውሃው ሲሰነጠቅ፣ ከዚያም አንድ ትልቅ ነገር በአፍንጫው ሲተነፍስ ሰማሁ። አልዞርኩም። ብዞር እንደምቀር አውቃለሁ። የባሌ እርምጃ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ቀጠለ።

“ምንድን ነው?” አልኩት ሳልዞር።

“ምንም። ውሃው ነው” አለኝ።

ሞት ላይ ናት የተባለችው እናት ስንደርስ ትራሱን ተደግፋ ተቀምጣ ዶሮዎቹን ትቆጣ ነበር። ጧት በእርግጥ ከፍቶባት ነበር አሉ፤ ድምፅዋም ደካማ ነው። እኛን ደጅ አስወጥታ ከባሌ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ተናዘዘች። ከጨረሰች በኋላ ጠላ ስጡኝ አለች፤ ሰጧት፣ ጠጣች። እዚያው አደርን። ይኸው እስከ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ሰው በመጣ ቁጥር ለባሌ ሰላምታ ትልካለች። ብትሞት ይሻለኝ ነበር ማለቴ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ማለቴ ነው።

በማግስቱ ወደ ቡሬ በምትመለሰው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዳገቱን ወጥተን ጤፉ የታጨደበት ሜዳ መታየት ሲጀምር ወደ እኔ ጠጋ አለ።

“ትናንት ዋሽቼሻለሁ” አለኝ።

“አውቃለሁ።”

“አይቼዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ነበር።”

“አውቃለሁ አልኩህ እኮ።”

“እንዳይቆጭሽ ብዬ ነው” አለ። በትንሽ በትልቁ ሰውን “አትዋሽ” እያለ የሚገሥጽ ሰው፣ ለእኔ ሲል ዋሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሯል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ከንዴት ነው ያለቀስኩት፤ አብዛኛው ከንዴት ነው። ከዚያ ፊቴን ጠረግሁና “በል ንገረኝ” አልኩት።

ቆሞ ሁለት ሰዓት የሚሰብክ ሰው ቃል ጠፋው። እጁን ዘረጋ፣ ሰበሰበ፣ እንደገና ዘረጋ። “ጆሮው” አለ በመጨረሻ፣ “ለዚያ ሁሉ ገላ፣ ጆሮው በጣም ትንሽ ነው።”

ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩትን ነው የሚነግረኝ።

“እሺ፣ ከዚያስ?” አልኩት።