የካውያዋ እንፋሎት

ሰፈሩ ስሟን ትቶ ባለ ካውያዋ ይላታል። የሰው ልብስ እየተኮሰች ነው የምትኖረው። ባሏ ሲሞት ከታላቅ እህቱ ከእትዬ ጋር አንድ ጣሪያ ስር ቀረች፤ እትዬ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን፣ እሷ የኋላዋን ጠባብ ክፍል ይዘው። ሌላ መሄጃ የላትም። ይህን እትዬም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ሲናገሯት ድምፃቸውን ዝቅ የማያደርጉት።

በዝናቡ ወራት የእትዬ መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ቆይቶ ሰፋ፣ እንደ ጢም ጠጉር አበቀለ። ቤቱን የእርጥብ ጆንያ ሽታ ሞላው። ቆርቆሮው ደህና ነበር፤ ግን ፀሐይ በወጣበት ጠዋት እንኳ አልጋቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እትዬ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። የካውያው እንፋሎት ነው አሉና ደመደሙ። ልብስ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ በር ላይ እያስቆሙ፣ አሽትተህ ውሰድ፣ ሻጋታ ነው የምትለብሰው ይሉታል። ደንበኛ ሸሸ። እሷ በአፏ አትመልስም። እልኋን በውሃ ተወጣች፤ መስኮቷን ዘግታ፣ ውሃውን እያበዛች እየረጨች፣ ክፍሉ ጉም እስኪመስል ትተኩሳለች።

በመጨረሻ እትዬ በሯ ላይ ቆሙ።

«ወሩ ሳያልቅ ካውያሽን አንጠልጥለሽ ውጪልኝ።»

ያን ቀን ከጎረቤት መሰላል ተዋሰች። ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ ልይ፣ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እሄዳለሁ አለች። እትዬ አይሆንም አሉ፤ እዚያ ርግብ እንጂ ምን አለ ብለው። መውጣቷ እንደማይቀር ሲያዩ ግን መሰላሉን ያዙላት፣ ብትወድቂ ጣጣው ለእኔ ነው እያሉ።

ላይ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በስልኳ መብራት ስታይ ቆርቆሮው በውስጥ በኩል ላብ አልቦታል፤ እንጨቱ ነጭና ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። በጣሪያው ጠርዝ ላይ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች አንዳቸውም ብርሃን አያሳዩም። በጨርቅ ተወትፈዋል፤ ከታች የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቷል። አንዱን ሳበችው። እጅጌ ሆነ። ስትጎትተው ካፖርት ወጣ። አንገትጌው ላይ የካውያ ቃጠሎ አለ፤ በተጋቡ ሰሞን ያቃጠለችው ራሷ ናት። ባሏ ስቆ ዝም ብሎ ለብሶት ኖሯል።

ከቀብሩ በኋላ ይህን ካፖርት ብቻ ስጡኝ ብላ ለምና ነበር። እትዬ ለድሃ ሰጠሁት አሏት።

ከላይ ወረወረችው። እትዬ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ድሃው ይሄ ነው እትዬ?»

እትዬ መሰላሉን አልለቀቁም። «ርግቦቹ እንቅልፍ ነሱኝ። ደግሞ የወንድሜን ልብስ ሰው ለብሶት ማየት አልቻልኩም።»

«ለእኔስ?»

«አንቺማ ተኩሰሽ ትሸጪው ነበር።»

ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ሸሚዙንም ሱሪውንም እየነቀለች ጣለች። በኋላ ቀዳዳዎቹ ላይ ርግብ የማያስገባ የሽቦ ወንፊት መታችባቸው። ከዚያ ወዲህ መስኮቷን ከፍታ ነው የምትተኩሰው። እንፋሎቱ የእሷ እንደነበር ታውቃለች፤ ለእትዬ ግን አትነግርም። ጠብታው ቆመ። እትዬም ውጪ የሚለውን ቃል አልደገሙትም፤ ይቅርታም ከአፋቸው አልወጣም።

ካፖርቱን አጠበችው፤ ጥቁሩ አልለቀቀም። እንዲያም ሆኖ ተኮሰችውና ኮሪደሩ ላይ፣ ከእትዬ በር ፊት ለፊት ሰቀለችው። እትዬ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን አዙረው ያልፋሉ። ልብሱ ከደረቀ ቆይቶ፣ አንድ ቀን አላስችል ሲላቸው፣ እስከ መቼ ነው እዚህ የሚሰቀለው አሏት።

«እስኪደርቅ» አለች፣ ካውያዋን ሳታነሳ።