የመንደር ሦስት ስንዴ

ልጅ እያለሁ ቦንጋ ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሱቃችን ገበያው አፍ ላይ ስለሆነ፣ ከቢታ ገነት የመጣውም ከማንኪራ የወረደውም ወሬ ሁሉ መጀመሪያ የአባቴ ባንኮኒ ላይ አርፎ ነው ወደየቤቱ የሚሄደው። ሳሙና፣ ነጭ ጋዝና አዲስ ጨርቅ የሚሸተውን ያን ባንኮኒ ተደግፌ የለቃቀምኩትን ይዤ ትምህርት ቤት ስገባ፣ መምህራኑን ሳይቀር ላርማቸው ይቃጣኝ ነበር። እናቴ "አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" እያለች ትገስጸኛለች። እኔ ግን ተረቱ ለራሰ በራው አጎቴ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነውን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

እኛ ቤት በየኢዱ የሚወራ አንድ ታሪክ ነበር። አባቴ ሐጂ ነስሩ በወጣትነቱ ከስልጤ አገር ቦንጋ ሲገባ፣ ንብረቱ በትከሻው የተሸከማት አንዲት ጣቃ አቡጀዲ ብቻ ነበረች። ያችን ጣቃ በአንድ ክረምት ሸጦ ጨረሰ፤ ሌላ አመጣ፤ እሱንም ጨረሰ፤ በዓመቱ ሱቅ ከፈተ። ታሪኩን የሚያወሩት አጎቶቼ ናቸው። አባቴ ራሱ ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ያማስላል። እኔ ትሕትና ነው እል ነበር። ታሪኩን እንደ ፋቲሃ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝም እወጣዋለሁ።

የልብ ጓደኛዬ ሰዓዳ ነበረች። ሰዓዳ የመንደር ሦስት ልጅ ናት። መንደር ሦስት ማለት፣ እኛ ሳንወለድ በድርቁ ጊዜ መንግሥት ከወሎ በመኪና ጭኖ ያመጣቸው ሰዎች የሰፈሩበት ነው፤ ስም የሚያወጣለት ጠፍቶ በቁጥር ቀረ። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሰዓዳ ጠዋት ጠዋት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትደርስና፣ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ታጥባ፣ ከቀሚሷ ኪስ ዘይቱና አውጥታ ትሰጠኛለች። ቅልብልቦሽ ላይ የሚችላት አልነበረም፤ አምስቱን ጠጠር በአንድ እጇ ስትቀልብ እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። አባቶቻችን ዓርብ ዓርብ አንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፣ ሲወጡ ይጨባበጣሉ። ያም ሆኖ ባንኮኒያችን ላይ "ሰፋሪ" የሚለው ቃል ሲነሳ በጎ ነገር ተከትሎት አያውቅም። "እርዳታ የለመደ እጅ" ይላሉ ደንበኞቻችን። እኔም እላለሁ፣ ሰዓዳ በሌለችበት።

በዚያ ዓመት የኅብረተሰብ መምህራችን ጋሽ ገረመው አንድ ሥራ ሰጡን። ጋሽ ገረመው የካፋ ሰው ናቸው፤ አማርኛን እየመዘኑ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። "ወደ አገራችን ከመጡት ውስጥ አንድ የነጋዴ ቤተሰብ፣ አንድ የሰፋሪ ቤተሰብ ጠይቁ፤ አወዳድሩ" አሉን። ሲመጡ ስንት ነበሩ? ሲመጡ ምን ነበራቸው? ዛሬስ ምን አላቸው? ለያንዳንዱ ጥያቄ አንዳንድ ትንሽ ሳጥን የተሠመረበት ወረቀት ተሰጠን። የተሻለው ጽሑፍ በወላጆች ቀን ይነበባል፣ አንድ ደርዘን ደብተርም ያሸልማል።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ማጠቃለያውን መጀመሪያ ጻፍኩት። "ነጋዴ ታታሪ ስለሆነ ባዶ እጁን መጥቶ ሀብታም ሆነ፤ ሰፋሪ እርዳታ ስለሚጠብቅ እንደመጣ ቀረ።" የነጋዴ ልጅ አይደለሁ! ዕቃው ሳይመጣ ዋጋውን ቆረጥኩለት። የቤታችንን ሳጥኖች ማንንም ሳልጠይቅ ሞላሁ። የሰፋሪውን ለመሙላት ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓዳ ጋር መንደር ሦስት ወጣሁ።

አባቷ ጋሽ ሰይድ የሣር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቀፎ ይጎነጉኑ ነበር፤ የካፋ ጎረቤቶቻቸው ያስተማሯቸው ሙያ ነው። እናቷ የተቀቀለ ጎደሬ ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡልኝ። ከጓሮ ያበበ ቡና ይሸታል። ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ሲመጡ ስንት ነበራችሁ?"

ጎንጉነው ያልጨረሱትን ልጥ ያዝ አደረጉና አዩኝ። "የወረድን ለት ነው ልጄ፣ ወይስ ክረምቱ ካለፈ ወዲያ?"

አልገባኝም። እንዲገባኝም አልሞከርኩም። "አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ሳጥኑ ትንሽ ነው" አልኳቸው።

አጠገባችን ቁጭ ብላ ጎደሬ የምትልጠውን ሰዓዳን አየት አደረጉ። "እንግዲያው ሁለት በዪ" አሉ። "ሁለት ይሻላል።"

ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ደግሞ ከነልጆቻቸው ስድስት። አንዲት ላም፣ የሣር ቤት፣ ጥቂት እንሰት። ከማጠቃለያዬ ጋር ልክክ አለልኝ።

የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ነበር። የአዳራሹን ቆርቆሮ ዝናብ ይደበድበዋል፤ በእርጥብ ጋቢና በጭቃ ጫማ ሽታ ታፍነናል። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ማን ሊሆን ኖሯል! ወንበር ላይ አቁመውኝ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አባቴ ፊት ለፊት ከኮሚቴዎቹ ጋር ተቀምጧል፤ ጋሽ ሰይድ ከኋላ ቆመዋል፤ ሰዓዳ ከተማሪዎቹ መካከል አንገቷን አቀርቅራለች። "እንደመጣ ቀረ" ብዬ ስጨርስ ጭብጨባው ከዝናቡ በለጠ። ፊቴ በፈገግታ ሊቀደድ ደረሰ።

አባቴ ተነሳ። ሊያቅፈኝ መስሎኝ ከወንበሩ ልወርድ ስል በእጁ አስቆመኝ፣ ወደ ሕዝቡም ዞረ።

"ልጄን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ" አለ። "ባዶ እጁን መጣ ብላ ጽፋለች። እኔ ስመጣ የአጎቴ ቤት ጠብቆኛል፤ ጣቃውንም የሰጠኝ እሱ ነው። እነዚህን ሰዎች የጠበቃቸው ጫካና ዝናብ ነው። ጣቃውን ማን እንደገዛኝም ነግሬያት አላውቅም። በዚያ ክረምት መንደር ሦስት ወባ ገባ። አቡጀዲው ለቀሚስ አልተገዛም፣ ለከፈን ነው የተገዛው። ያ ከኋላ የቆመው ሰይድ በአንድ ክረምት አምስት ጊዜ መጥቶ፣ አምስት ጊዜ ቀድጄ ሰጥቼዋለሁ። ብር አልነበረውም። ከእርዳታ ስንዴው በጣሳ እየሰፈረ ከፈለኝ። እኔም አላፈርኩም፣ ተቀበልኩ። የሱ ብቻ አይደለም፣ የመንደሩን ሁሉ ተቀበልኩ። ስንዴውን ጅማ ወስጄ ሸጥኩ፤ ሱቁ ከዚያ ነው የተከፈተው። እንግዲህ እርዳታውን ማን እንደበላው ልጆቹ አስተካክለው ይጻፉ።"

ብሎ ተቀመጠ። እኔ ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ፤ መውረድ አቃተኝ። አባቴ የሆነ ነገር ሆኖ የቀባጠረ መሰለኝ። አጎቶቼን አየኋቸው፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ነው እውነት መሆኑን ያወቅኩት። አጎቶቼ ያውቁ ነበር። ያንን ታሪክ ስንት ኢድ እየሳቁ ሲያወሩልን ያውቁ ነበር!

ቀድማ የተናገረችው ሰዓዳ ናት። ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደ ኋላ ዞረችና "አባ፣ አምስቱ እነማን ናቸው?" አለች።

እኔ ሰዓዳ የምታውቅ ነበር የመሰለኝ። ሰው የገዛ ወንድምና እኅቱን እንዴት አያውቅም? ለካ ማንም ነግሯት አያውቅም። ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እሷም በሕዝቡ መካከል ሰንጥቃ ወጥታ ዝናቡ ውስጥ ገባች። አባቷ ተከተሏት። ደርዘን ደብተሩን ማን እንደተቀበለው አላስታውስም፤ እኔ አልወሰድኩትም።

ያን ማታ እናቴ ቤቱን ቀወጠችው። "ሰው ገመናውን እንዲህ በአደባባይ ያሰጣል? ልጆችህን ማን ያገባቸዋል?" አባቴ አንድ ነገር ብቻ መለሰ፦ "ሲያጨበጭቡ መቀመጥ አቃተኝ።" በነጋታው ሱቅ ስሄድ፣ የምወደውን የአዲስ ጨርቅ ሽታ ሸሽቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ጥግ ላይ የቆመውን የአቡጀዲ ጣቃ ማየት ፈራሁ። ስንት ልጅ ይከፍናል እያልኩ በልቤ እለካው ጀመር፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ እኮ።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ ለምዝገባ ስንሰለፍ ሰዓዳ የለችም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ጋሽ ገረመው ስሟን ጠርተው ዝም ሲባሉ ወደ እኔ ያያሉ። ትምህርቷን ካቆመች ያስቆምኳት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ያላት ዕድል ባል ማግባት ብቻ እንደሆነ በዚያ ዕድሜዬም አውቃለሁ። አልቅሼ ለአባቴ ነገርኩት። ዓርብ ከሶላት በኋላ ይዞኝ መንደር ሦስት ወጣ።

ጋሽ ሰይድ ከበር ተቀብለው አስገቡን። አባቴ ገና ሳይቀመጥ "ይቅር በለኝ ሰይድ" አለ።

"ስለምኑ ሐጂ?" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ያን ጊዜ አቡጀዲ ባያመጡልን በኮባ ቅጠል ነበር የምንቀብራቸው። ስንዴው ነው የሚከነክንዎት?" የሚቀመጥበትን መደብ በእጃቸው ጠረጉለት። "የተመዘገብነው ሰባት ተብለን ነው። ሰዎቻችን ካለቁም በኋላ ራሽኑ ለሰባት ይሰፈር ነበር። ከአፋችን ነጥቀው አልወሰዱም ሐጂ። የሚበላው ሰው አልነበረም።"

አባቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በአዳራሹ ከሰማሁት ሁሉ ይልቅ የዘገነነኝ ይኸ ነበር፤ ስንዴ ተርፎ ሰው ማለቁ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ሳጥን ይጻፋል?

"ሰዓዳ የተቆጣችው በእኔ ነው" አሉ ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞር ብለው። "የወለድኳቸውን ደብቄያት ኖሬያለሁ። ስማቸውን ነግሬያታለሁ አሁን። ትምህርቷን ታቁም አላልኩም፤ ራሷ ናት እንቢ ያለች።"

ጓሮ አገኘኋት። ቅልብልቦሽ እንጫወት ልላት ፈልጌ ነበር፣ እንደ ሞኝ። ቀና ብላ አየችኝና ረጋ ብላ ተናገረች፦ "አምስቱን አታውቂያቸውም። እኔም አላውቃቸውም። ላንቺ ግን ተጨበጨበልሽ።" ልንጫወትበት የያዝኩትን ጠጠር መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ አባቴ ተመለስኩ።

በሳምንቱ መጣች። ጭቃዋን ታጠበች፣ ክፍል ገባች፣ ከእኔ ሦስት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። እስከ አሥረኛ ክፍል እዚያው ርቀት ላይ ነበረች። የሚያስደንቀው፣ ከዚያ በኋላ ማንም በትምህርት አልቀደማትም።

ዛሬ እኔ እዚሁ ቦንጋ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምራለሁ። አባቴ አርፏል። ወንድሞቼ አዲስ አበባና ሐዋሳ ተበታትነዋል፤ ሱቁን ለሞባይል ጠጋኝ አከራይተነዋል። መንደር ሦስት መብራት ገብቶለታል፣ ባጃጅ ይመላለሳል፤ ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ከማራቸው ገዝቼ እበላለሁ፤ ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። የዛሬ ተማሪ ያን ሥራ ቢሠራ ማጠቃለያው ይገለበጥለትና፣ እንደ እኔው ምንም ሳያውቅ ይጨበጨብለታል። ባጃጅ ውስጥ አሁንም "እነዚህ መጤዎች ታታሪ ናቸው፣ እነዚያ ሰነፍ ናቸው" የሚል አይጠፋም። ድሮ ቢሆን ቀድሜ እመሰክር ነበር። አሁን "የትኛውን ክረምት አይተህ ነው?" እላለሁ፤ ሰውየው ግራ ገብቶት ያየኛል።

ሰዓዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ባለፈው ትንሿ ልጄ ትኩሳት ይዟት ስሮጥ፣ ተረኛዋ እሷ ሆና አገኘኋት። ልጄን ከእቅፌ ተቀብላ ሙቀቷን ለካች፣ መርፌዋን ሳታስለቅስ ወጋቻት፣ ግንባሯን በእጇ አበሰችላት። እንደ እኅቷ ልጅ ነበር የያዘቻት። አጠገቧ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብላ በስሜ ብትጠራኝ እያልኩ ጠበቅኩ። ያኔ ምስጢሯን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥላ የምትነግረኝ ልጅ ነበረች። መድኃኒቱን ሰጠችኝ፣ አወሳሰዱን አስረዳችኝ።

"አይዞዎት፣ እናቷ" አለችኝ፣ ለማንኛዋም እናት እንደምትለው። ከዚያ ወደ በሩ አይታ ቀጣዩን ጠራች።