የሚሞቀው ግድግዳ

ኤሌክትሪክ ማንም አላስተማረኝም፤ እየነዘረኝ ነው የተማርኩት። ፒያሳ ውስጥ ያረጀ ቤት መስመሩ ሲያስቸግር መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ሁለተኛ የሚጠራ የለም፣ ጨርሼ ነዋ የምወጣው!

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። እናቷ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የጭቃ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። «የፊውዙ ሳጥን ቃጠሎ ቃጠሎ ይሸታል። እማዬ ከነቤቱ ሳትቃጠልብኝ በአዲስ ቀይርላት» አለችኝ።

ስገባ እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል።

«ሳጥኑን እንደፈለግክ አድርግ፤ ግድግዳዬን ግን እንዳትነካብኝ።»

«ምነው እማማ፣ ወርቅ ቀብረዋል እንዴ?»

«ባለቤቴ አለ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ከሞተ ጀምሮ ያሞቀኛል። ና፣ ንካው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ቤቱ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ግድግዳው ግን እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። እጄን ቶሎ አነሳሁ።

«መብራት ሲጠፋ እሱም ይቀዘቅዛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ድሮም ጨለማ ይፈራል።»

ይሄኔ ነቃሁ። ጓሮ ያሉት ተከራዮች ሁሉ መብራት የቀጠሉት ከእማማ ቆጣሪ ነው፤ ገመዳቸውን ስገባ አይቼዋለሁ። የሁሉም ምድጃና ፍሪጅ የሚሠራው እዚህ ግድግዳ ውስጥ በተቀበረች አንዲት ቀጭን ሽቦ ነው፤ የምትሞቀው እሷ ናት። ግን ይሄን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ፊውዙ እንዴት እስካሁን አልተቃጠለም?

ከቆጣሪው አጠፋሁት። የጓሮው ሬዲዮ ዘፈኑን ሳይጨርስ ፀጥ አለ። ሳጥኑን ስከፍተው፣ ፊውዙ ላይ ጭነት ሲበዛ መቃጠል ባለባት ሽቦ ፈንታ ምስማር ተቀርቅሮበታል።

«ይሄን ማን አደረገው እማማ?»

«እሱ ነዋ። ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግረን ከታመመበት አልጋ ተነስቶ ሰካው። ‹ከእንግዲህ ጨለማ አታይም› አለኝ። ብዙም አልቆየም፣ ሞተ።»

ምስማሩን በፒንሳዬ ነቅዬ አወጣሁት።

«እውነትዎን ነው እማማ» አልኳቸው። «የሚያሞቅዎት እሱ ነው። ግን እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን ያቃጥልዎታል።»

ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ... ጠቅ... ይላል። ሲቀዘቅዝ ነው አልኩ ለራሴ።

«እየሄደ ነው» አሉ። ጉንጫቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቆዩና፣ «በል ቀይረው።»

አዲሱን ሳጥን ከነብሬከሮቹ ገጠምኩ፣ ወፍራም ገመድ በኮርኒሱ በኩል አዞርኩ፣ የድሮዋን ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ቆርጬ ገደልኳት። መብራቱ ቦግ ሲል ጓሮ ያሉት እልል አሉ። ሥራዬ እንደ ሙሽራ ያምራል!

ምስማሩን ልጥለው ስል እማማ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። ጨብጠውት ጀርባቸውን ወደ ቦታው መለሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው ፈገግ አሉ።

«መጣ» አሉ። «ና፣ ንካው።»

ከድሮዋ ሽቦ የቆረጥኩት ቁራጭ እጄ ላይ ነው። በሁለቱም ጫፍ ቆርጬዋለሁ፣ ራሴ፣ በዚህ ፒንሳ።

«ሌላ ቀን እማማ» አልኩና ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።