ሊሾው ሳይደርቅ

ምራቴ ሴራሚኩን ከፌስታል አውጥታ እግሬ ስር አስቀመጠችው። «እማማ፣ እስቲ ጫማዎን አውልቀው ይርገጡት» አለችኝ። ረገጥኩት። ወይ ጉድ! ቅዝቃዜው ከውስጥ እግሬ ተነስቶ ጉልበቴ ድረስ ወጣ። «ይሄ ለማድቤት ነው ወይስ ለሬሳ ማቆያ?» ስላት ልጄ ሳቁን ሊደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷ ግን ለምዳኛለች፤ ሌላ አወጣች።

እዚህ ቡራዩ ቤት እየሠሩ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ለብሷል፣ የቀረው የማድቤቱ ወለል ነው። በሱ ነው ሰላም የጠፋው። እሷ ሴራሚክ ትላለች፤ በውሃ ጥርግ ይላል ብላ። ልጄ ዘይት ሲፈስበት ያንሸራትታል፣ ቴራዞ ይሻላል ይላል። የልጅ ልጄ ደግሞ ስልኳ ላይ እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ እያወጣች ታሳያለች። እኔን ዳኛ አደረጉኝ፤ ፊደል ያልቆጠርኩትን! እግሬ ግን ብዙ ወለል ያውቃል። ያን ቀዝቃዛ ነገር ስረግጥ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ቡራዩ አልነበርኩም። ሱሉልታ ነበርኩ፣ እማዬ ማድቤት ውስጥ።

የእማዬ ማድቤት ከትልቁ ቤት ጀርባ ለብቻው ነበር። በሩ ወደ ሜዳው ይከፈታል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሜዳው ተነስቶ ይገባና ከጭሱ ጋር ይቀላቀል ነበር። ወለሉ አፈር ነው፣ በእበት የተለቀለቀ። ደግሞ በማንም ላም እበት እንዳይመስልሽ! አተላ የጠጣች ላም እበቷ ይቀጥናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እማዬ የምትፈልገው ድርቆሽ የበላችውን ላም እበት ነበር፤ ክር ክር ያለው፣ ሲለቀለቅ የሚያያዘው። ጠዋት ቅርጫት ይዤ ከላሞቹ ኋላ ስዞር አክስቴ «ዛሬስ የቷ ላም ደግሳ ጠራችሽ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትኩስ እበት የሳርና የዝናብ ሽታ ነበረው። ዛሬ ብነግራቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

ወለሉ ታዲያ ለጥ ያለ አልነበረም። ምድጃው ፊት እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ በተረከዟ ያጎደጎደችው ቦታ ነበረ። እንስራው አጠገብ ሁልጊዜ ርጥብና ቀዝቃዛ ነው። እህሉ ያለበት ጎታ ጋ ደግሞ ከፍ ይላል። ልለቀልቅ ተንበርክኬ ጎድጓዳውን ልደፍነው ስል እማዬ እጄን ትይዘኝ ነበር።

«ተይው፣ ያ ኢንተላ። እዚያ ጋ ተይው።»

እኛ ቤት አማርኛና ኦሮምኛ አንድ ድስት ውስጥ ነበር የሚበስለው። እማዬ ስትቆጣኝ በአማርኛ፣ ስትወደኝ በኦሮምኛ ነው። አንቺ ልጅ ለማለት «ያ ኢንተላ» ካለችኝ እሺ ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእማዬ ዐይን እየደከመ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ምስር ስትለቅም ጠጠሩን በጣቷ እንጂ በዐይኗ እንደማትፈልግ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከጎኗ ስለማልጠፋ። ውጪ ስትወጣ ሰው እንደሚያቅፍ አስመስላ ትከሻዬን ትይዛለች። ማድቤቷ ስንገባ ግን ትለቀኛለች። እዚያ ውስጥ የሚያይላት እግሯ ነበር። ጎድጓዳው ጋ ስትደርስ ምድጃው ነው፣ ቅዝቃዜው ጋ ስትደርስ ውሃው ነው፣ ከፍ ሲል እህሉ ነው። በባዶ እግሯ እየዳበሰች፣ ምንም ሳትነካ፣ ምንም ሳትደፋ፣ ቤተሰብ ሙሉ አብልታ ትውል ነበር።

የምትደብቀው ከአክስቴ ነበር። አክስቴ ያባቴ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እኛው ጋ ነበረች። ክፉ አልነበረችም። እጇ ሥራ መፍታት ስለማያውቅ የሰው ሥራ የምትቀማ ሴት ነበረች። የእማዬን ማድቤት ስታይ፣ የተራበ ሰው ድስት እንደሚያይ ነው። አንድ ቀን እማዬ ወጡን እያማሰለች ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ዐይኔን ካወቁብኝ ከዚህ ያወጡኛል። ግድግዳ ስር አስቀምጠው እንዝርት ያሲዙኛል። በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሁን?»

እኔም ጭስ የገባበት መስዬ ዐይኔን አሸሁ።

እንዲህ እያለን ለፋሲካ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ። እዚያ ከግንበኞች ጋር ሲሚንቶ እያቦካ ሙያ ለምዶ ነበር። ባዶ እጁን አልመጣም፤ ከመኪናው መንገድ እስከ ቤታችን ሲሚንቶ በአህያ አስጭኖ፣ ፊቱ ዱቄት መስሎ ደረሰ።

«እማዬ! ማድቤትሽን ሊሾ አደርግልሻለሁ!» አለ ገና ከአጥሩ ውጪ።

ሊሾ ማለት ያ ለስላሳው የሲሚንቶ ወለል ነው። ያኔ በሰፈራችን ሊሾ ያለው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነበር። አክስቴ አጨበጨበች።

«ከንግዲህ እበት ቀረ! ቁንጫም አብሮ ቀረ!»

«እበቱ ምን አደረገሽ?» አለች እማዬ። «ይሞቃል። ሸክላ ቢወድቅበት አይሰብርም። ሊሾ ላይ የወደቀ ድስት ስባሪውን ለቅመሽ አትጨርሽም።»

«አትጣይዋ ታዲያ!»

«ውሃ ደፍቶ በመጥረጊያ ማውጣት ብቻ ነው» አለ ወንድሜ። «ከተማ እንደዚህ ነው፣ እማዬ።»

«የከተማ ሰው ጫማ አለው። እኔ ባዶ እግሬን ነኝ፣ ይበርደኛል።»

«ጫማ አመጣልሻለሁ!»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጁ ከዚያ ድረስ አስጭኖ መጥቶ» አለ፤ በቃ፣ አለቀ።

ሁሉም እውነት ነበር የሚናገሩት። ቁንጫውም እውነት፣ ብርዱም እውነት። እማዬ ብቻ ናት ዋናውን እውነት መናገር ያልቻለችው። አልፈልግም ብላ ድርቅ ካለች ለምን ሊሏት ነው።

ቆይኝማ፣ ምራቴ እየጠራችኝ ነው። ... ነጩ ይሁን ግራጫው ትለኛለች። ነጩ ላይ ሽሮ ገንፍሎ እስካየው ቸኩያለሁ አልኳት! ግራጫውን ወደ ፊት አመጣችው። ምን እያልኩሽ ነበር?

አዎ። በማግስቱ ወንድሜ ዶማ ይዞ ገባ። እቃው ሁሉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተኮለኮለ፤ ጋኑ፣ እንስራው፣ በርጩማው፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቀው ጥቁር ድስት ሁሉ። እማዬ ከውጪ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዶማው ዱብ ባለ ቁጥር ጣቶቿ ነጠላዋን ጭምድድ ያደርጉ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የለቀለቅነው አፈር በቅርጫት ወጥቶ ጓሮ ተደፋ። ከዚያ ያ እንግዳ ሽታ መጣ፤ የረጠበ ሲሚንቶ፣ ዝናብ ያገኘው ድንጋይ የሚመስል። ወንድሜ ጣውላ ዘርግቶ፣ ጣውላው ላይ ተንበርክኮ፣ ወደ ኋላ እየተሳበ አለሰለሰው፤ አለሰለሰው። ሲጨርስ ወለሉ የተኛ ውሃ መሰለ።

«ማንም እንዳይረግጥ!» አለ። «ዶሮም ብትሆን!»

ሁሉም ሊያዩ መጡ፣ አደነቁ፣ ሄዱ። እማዬ ደጃፉ ላይ ቀረች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። በእግሯ ጣት ጫፉን ልትነካ አለችና መለሰችው።

«ነገ የት ጋ ነው የምረግጠው?» አለች። ለኔ አልነበረም የተናገረችው፤ ለማንም አልነበረም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ ከብት ሊያስገቡ ሄዱ፣ አክስቴ ጎረቤት ስለ ሊሾው ልታወራ ሄደች። እኔ ጣውላውን አነሳሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተንኮል ስሠራ ልቤ ይዘላል፤ ያን ቀን ግን ጆሮዬ ድረስ ነበር የሚመታው። ጣውላውን ከበሩ እስከ ውስጥ ዘረጋሁና በላዩ ተራመድኩ። በሩ ጋ ተረከዜን ተጫንኩ። ምድጃው የሚቀመጥበት ፊት ሁለቱንም እግሬን አጥልቄ አሳረፍኩ፤ ሲሚንቶው በጣቶቼ መሀል ብቅ ሲል እንዴት ደስ ይላል! እንስራው ጋ መዳፌን። ጎታው ጋ ጡጫዬን። ዐይኔን ጨፍኜ እማዬ የምትሄደውን አሰብኩና ልክ መሆኑን በጣቴ ዳበስኩ። ጣውላውን ቦታው መልሼ ወጣሁ። ሲሚንቶ እንደሚያቃጥል ማን ነግሮኝ! እግሬን በውሃ ባጥበው ባጥበው ግራጫነቱ አልለቅ አለ።

ጠዋት የቀሰቀሰን የወንድሜ ጩኸት ነው።

«ጥጃ ገብቷል! ሊሾዬን ጥጃ በላው!»

አክስቴ ሮጣ ሄዳ ጎንበስ አለች። «ኦቦ ግንበኛ፣ ከተማ ጥጃው አምስት አምስት ጣት አለው እንዴ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እግሬን ቀሚሴ ስር ልደብቅ ብል ቀሚሴ አጭር ነው! ወንድሜ በኩርኩም ጭንቅላቴን አጮኸው። አባቴ አርጩሜ ፈለገ። «ለምን? ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ይሉኛል። «አማረኝ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስቴ በኦሮምኛ ጥጃ ለማለት «ጀቢ» እያለች ትጠራኝ ጀመር። ሰፈሩም ተቀበላት።

ወንድሜ ትራፊውን ሲሚንቶ በጥብጦ ሊደፍነው ሲገባ እማዬ በሩ ላይ ቆመች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

«ተወው! የልጄ እግር ነው፣ ይኑርበት!»

የእናት ፍቅር መሰላቸው። አጉረመረሙና ተዉት።

ወለሉ ሲደርቅ እቃው ገባ። እማዬ ባዶ እግሯን ገባች። በሩ ጋ ተረከዜን አገኘችው፤ ትንሽ ቆመች። ሁለት ሦስት ራመደች፣ ጣቶቿ ፈለጉ፣ ትልቁ እግሯ በኔ ትንሽ እግር ላይ አረፈ። ጀርባዋን ነበር የሰጠችኝ፤ ፊቷን አላየሁትም። ትከሻዋ ግን ወረደ፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው። «በርበሬውን አቀብይኝ፣ ያ ኢንተላ» አለች። ሌላ ቃል ስለዚያ ነገር በሕይወቷ አልተናገረችም።

ክረምት ሲገባ ግን ነገር መጣ። አንድ ጠዋት እማዬ አጥሩ ላይ የተሰጣውን የአባቴን ጋቢ አባቴ መስሏት «አካም ቡልቴ?» አለችው፤ እንዴት አደርክ መሆኑ ነው። እኔ ደርሼ ሳልስባት አክስቴ አይታ ነበር። ቀጥ ብላ አባቴ ጋ ሄደች።

«ሚስትህ ዐይኗ አያይም። አንድ ቀን እሳት ውስጥ ትገባለች። እሷ ትረፍ፣ ማድቤቱን እኔ ልያዘው።»

አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስቲ ጨው አምጪልኝ» አላት እማዬን። ሊፈትናት መሆኑ ገባኝ። ለሷም ገባት መሰለኝ፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ትከሻዬን ሳትይዝ ብቻዋን ገባች። እኔ ከኋላዋ፣ አክስቴ ከኔ ኋላ። የጨው ቅሉ ከጎታው በላይ ነበር የሚንጠለጠለው። ተረከዙ። እግሮቹ። ወደ ግራ ዞረች። ጡጫው። እጇን ወደ ላይ ሰደደች፤ ቅሉን ያዘችው። አንድ ነገር ሳትነካ ተመልሳ በመሀላችን አልፋ ወጣች።

አክስቴ ግን ቅሉን አልነበረም የምታየው። ወለሉን ነበር። ሁለቱን ትንንሽ እግሮች፣ መዳፉን፣ ጡጫውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። አሁን ትጮሃለች፣ አሁን ሁሉንም ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ጀቢ» አለችኝ፣ በጣም ቀስ ብላ።

ወጣችና አባቴን «ተሳስቼ ነው» አለችው። «ከኔ የበለጠ ታያለች። ጋቢህን ሰላም ያለችውም ካንተ ይልቅ እሱ ስለሚሰማት ነው።»

አባቴ ሳቀ፤ እማዬም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አንድ በርጩማ ከቦታው ቢነሳ የሚመልሰው አክስቴ ነበረች። እንግዳ መጥቶ እንስራውን ፈቀቅ ካደረገው «መልስ! ቦታው ነው!» ብላ ትቆጣ ነበር። ሰው በዕድሜዋ ነገረኛ ሆነች ይላት ነበር።

እማዬ እስከ መጨረሻዋ ከማድቤቷ አልወጣችም። እኔ ቡራዩ አግብቼ መጣሁ፣ ወለድኩ። ልጠይቃት ስሄድ እዚያው እግሬ ላይ ቆማ ነበር የማገኛት። «አንቺ አድገሽ ሄድሽ፣ ይሄ ግን አልተወኝም» ብላ ወለሉን በእግሯ መታ መታ ታደርገው ነበር።

ስታርፍ ማድቤቱ ለአክስቴ ሆነ። የተመኘችው ደረሳት። ሐዘኑ ገና ሳይወጣልን አንድ ጠዋት ሄድኩ። ጭስ የለም፣ የድስት ድምፅ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። አክስቴ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ትንሽ ዘርጋ አድርጋ ሊሾው ላይ ቆማ ነበር። እንደ እማዬ በእግሯ ጣት ዳበሰች። አገኘች፤ ተረከዟን አሳረፈች። ወደ እንስራው ሄደች፤ መዳፉን ሳተችው። ቆም አለች። ተመልሳ ከበሩ ጀመረች።

እኔ አፌ አርፎ አያውቅም። ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ ይመጣብኛል። ያን ቀን መቃኑን ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ትንሽ ወደ ግራ፣ አክስቴ፣ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ዐይኗን እንድትገልጥ አልፈለግኩም።