ወደ ላይ የምትወጣዋ ሰባት፦ ከወልቂጤ እስከ እንሴኖ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አየር ጤና

ሰማዩ ገና አልለየለትም። ረዳቶቹ «ወልቂጤ! ወልቂጤ አንድ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ። አንድ ሰው ቀረው የተባለው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ይህን ውሸት ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬንም አምኜ ገብቻለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ማስታወሻ ደብተርና ጠርዙ የተላጠ የአባቴ መጫወቻ ካርታ አለ። ጉዞው በዚህ ካርታ ምክንያት የመጣ ነው።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ታስታውሱ እንደሆነ፣ ባለፈው ወር አባቴ ይጫወታት ስለነበረች የካርታ ምትሐት ጽፌ ነበር። ላላነበበ ባጭሩ ልድገመው። ቀይ ልብ ያለባትን ሰባት ያሳያችሁና መሐል ይከታታል። ጣቱን ያጮኻል። የላይኛዋን ሲገልጥ ያቺው ሰባት ናት። እንደገና መሐል ትገባለች፤ እንደገና ላይ ትወጣለች። ሦስተኛው ላይ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ከበሽታ እንዳገገመ ሰው ቀስ ብሎ ይሠራዋል፤ ያም ሆኖ ማንም አይይዘውም። የሙያው ሰዎች ይቅር ይበሉኝና ምስጢሩ ይህ ነው፦ ሰባትዋ መሐል የገባች መስላ ከላይኛዋ ሥር ናት፤ አንድ ካርታ የተነሣ ሲመስላችሁ የተነሡት ተጣብቀው ሁለት ናቸው። ሌሎችም ሲሞክሩት አይቻለሁ። በዚያ ዝግታ የሚሠራው ግን ከአባቴ ሌላ አላየሁም።

ስለዚህ «ይህን ጨዋታ የፈለሰፈው አባቴ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ማን ነገረህ ብትሉኝ፣ ማንም። ልጁ ነኝና ጻፍኩ።

በሳምንቱ ከቡታጅራ ስልክ ተደወለ። «ሸምሱ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባትህን ዐውቀው ነበር፣ ወርቅ ሰው ነበር። የጻፍከው ግን ውሸት ነው። ጨዋታዋ ከእንሴኖ ገበያ የወጣች ናት።»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና እናቴ ሰማች። አባቴን ከቀበርን ገና ሁለት ዓመታችን ነው። ነጠላዋን አስተካክላ «የአባትህን ስም ራስህ ገበያ አወጣኸው» አለችኝ። «ሄደህ እውነቱን ይዘህ ና። የሱ ካልሆነም፣ የሱ አይደለም ብለህ እዚያው ላይ ጻፍ።» ቃል ገባሁላት። እንግዲህ የምሄደው ወይ የአባቴን ስም ላስከብር ነው፣ ወይ የጻፍኩትን በአደባባይ ልሰርዝ።

ወሊሶ ለቁርስ ስንቆም ካርታውን አውጥቼ ጣቴን ሳፍታታ ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«ቁማር ነው?»

«አይ፣ ውርስ ነው።»

«ሌላ የተወልህ ነገር የለም?» አለኝና ሻዩን ጨለጠ።

ሐሙስ፣ 4 ሰዓት ተኩል፣ ወልቂጤ

ወልቂጤ ሙቀቱ ከመኪና ሳትወርዱ ይቀበላችኋል። ባጃጁ፣ የብረት በር የሚበይደው፣ በጋሪ ሙዝ የሚሸጠው፣ ሁሉም መንገዱን የሱ አድርጎታል። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ግን እዚህ ስደርስ ደረቴ ይነፋል። ለምን ብትሉኝ አላውቅም፤ የሠራሁት አንድም ቤት የለም።

መምህር ደሳለኝ አባቴ እዚህ ጨርቅ ይነግድ በነበረ ጊዜ አንድ ግቢ ተከራይተው የኖሩ ወዳጁ ናቸው፤ ከሸምሱ በፊት እሳቸውን ልጠይቅ ብዬ ነው በዚህ የመጣሁት። ሒሳብ ያስተምራሉ፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም የሰንበት ትምህርት ኃላፊ ናቸው። ቤት ገብቼ ሰላምታው እንዳለቀ፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ካርታውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። መምህሩ ጋዜጣ አነሡና ካርታውን ሸፈኑት።

«አይዞህ ልጄ» አሉ። «ካርታ እኛ ቤት አይገባም። አባትህም ውጭ ኪሱ ውስጥ ትቶት ነበር የሚገባው።»

ኪሱን ውጭ እንዴት እንደሚተው አልጠየቅሁም። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ክትፎው መጣ፣ ቆጮው መጣ፣ አይቤና ጎመኑ መጣ። እዚህ አገር እንግዳ ሳይበላ ቁም ነገር አይነሣም። ስንጨርስ መምህሩ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡና ከመጽሐፍ መደርደሪያው አንድ እሽግ አወረዱ። ለሰንበት ተማሪዎች የሚታደል፣ ጥቅስ የተጻፈበት ካርድ ነው። «አትፍራ» የሚለውን አሳዩኝ።

«አሁን ላታልልህ ነው» አሉ። «ይኸው መሐል ያስገባሁ መስዬ ከላይኛዋ ሥር አስገባሁት። አሁን የላይኛዋን የማነሣ መስዬ ሁለት አነሣለሁ። ተመልከተኝ፣ ሁለት ነው የማነሣው።»

ተመለከትሁ። አንድ ነው ያነሡት፤ እምላለሁ። «አትፍራ» ላይ ወጣ።

አባቴ ዝም ብሎ ነበር የሚጫወታት። የመምህሩ ደግሞ እየተናዘዘች ታታልላለች። ውሸት ስለማይናገሩ ሁሉንም ነገር አስቀድመው ያስታውቃሉ፤ እውነቱን ስትሰሙ ዓይናችሁ ይዘናጋል። ወይዘሮ አስቴር ስንት ዘመን አይተውት ይሁን፣ አሁንም አጨበጨቡ።

«ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«አባትህ ነዋ። መጀመሪያ ያለኝ ነገር እጅህን ታጠብ ነው። ሁለተኛም ታጠብ አለኝ። ሦስተኛም። ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት።»

ለእኔ ይህ በቂ ነበር። አስተማሪው አባቴ ከሆነ ፈልሳፊውም አባቴ ነው። ለሸምሱ የምለውን ንግግር መኪና ላይ ማዘጋጀት ጀመርሁ።

ሐሙስ፣ 10 ሰዓት፣ ቡታጅራ

ከጉብሬ ወደ አገና የሚወጣው መንገድ ግራ ቀኙ እንሰት ነው። ቤቶቹ ክብ፣ ጓሮዎቹ የተጠረጉ፣ በየደጁ ያለው ሣር እኩል የተጋጠ ነው። ዘቢዳር ተራራ ላይ ጉም ያዘንና ሾፌሩ መብራት አበራ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ካርታዬን አይተው «ሥራ ፈት» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለራሳቸው ነው ያሉት፤ ድምፃቸው ግን ለኋላ ወንበርም ይበቃል። ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ተገለጠ፤ ቡታጅራም ከነቆርቆሮዋ ከታች ተዘርግታ አገኘናት።

የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ሜትር አንገቱ ላይ የጣለ ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም! መጣህ? ይመጣል ብዬ ነበር። መልክህ ቁርጥ አባትህ፤ አንተ ትንሽ ትወፍራለህ።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል ካርታ ከመሳቢያው አወጣ። ሰባትዋ ፊት ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ መስመር አሰመረባት፤ ጠመኔው ይታያል፣ ማንም አይክደውም። መሐል ከተታት። በእግሩ የስፌት መኪናውን ሁለቴ ረገጠ፤ ካርታዋ ላይ ነች። እንደገና ከተተ፣ ረገጠ፣ ላይ ነች። አምስት ጊዜ! አንዱን አይቼ ሳልጨርስ ሌላው ያልፋል። ከኋላዬ ሱሪ ልታስጠብብ የመጣች ሴት «ወይኔ!» ብላ ሱሪውን ጣለች።

እውነት ለመናገር የሱ ፍጥነት ከአባቴ ይበልጣል። ግን ድምፁና ፍጥነቱ ነው የሚሸፍንለት፤ አባቴ መሸፈኛ አልነበረውም። ይህንኑ ነገርኩት።

አልተቆጣም። «ልክ ነህ» አለኝ። «አባትህ ዘንድ ያለው እኔ ዘንድ የለም። እኔ ዘንድ ያለው ግን ከጨዋታዋ ባለቤት የመጣ ነው። ነገ ጠዋት እንሄዳለን፤ ከጁምዓ በፊት እንመለሳለን።»

ዓርብ፣ 2 ሰዓት፣ እንሴኖ

መንገዱ ሜዳ ነው፤ በርበሬና በቆሎ። እንሴኖ ገበያዋ አልቆመም፣ ጎዳናው ጸጥ ብሏል። ጋሽ ሸምሱ ያመጣኝ እማማ ዘነበች ዘንድ ነው፤ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። በወጣትነታቸው የታወቁ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ጋሽ ሸምሱ የማን ልጅ እንደሆንሁ ሲነግራቸው ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ፤ አልለቀቁኝም።

«ቅቤ ይገዛኝ ነበር» አሉ። «ጨርቅ ሳይጀምር፣ ጎረምሳ ሳለ። እኔ ገዢ ለመሳብ ካርታ አሳያለሁ። ወንዶቹ ሰባትዋን ሊይዙ ሲፎካከሩ ቅቤዬ ያልቅልኛል። አባትህ ቅቤውን ትቶ ጨዋታውን ካላስተማርሽኝ አለ። አስተማርኩት።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውሁትና ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

«ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ገበያ ላይ ተቀምጬ ራሴ አወጣኋት።»

ከዚያ የሳቁትን ሳቅ በጽሑፍ ላመጣው አልችልም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓቢይ ጾም ገባ። ጨዋታው እምቢ አለ። ሁለቱ ካርታዎች ይለያያሉ፣ ሕዝቡ ይስቃል። አባቴም እሳቸውም ደነገጡ። «በጾም ካርታ በመንካታችን እግዜር ተቆጣን አልን» አሉ። አባቴ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ተናዘዘ፤ ስግደት ታዘዘለት፤ ሰገደ። እማማም ሰገዱ። ፋሲካ ሆነ፣ ክትፎ ተበላ፣ ካርታ ተነካ፤ ጨዋታው ሠራ! ይቅር ተባልን አሉ። በዓመቱ ጾም ሲገባ ደግሞ ያው።

«እኔ ግን በነሱ ጾም ይሠራልኝ ነበር» አለ ጋሽ ሸምሱ። «አባትህ ተናደደ። እንዴት እግዜር ለሸምሱ ፈቅዶ ለኔ ይከለክላል ብሎ እጄን ይዞ ገለበጠው። ምሳ የበላሁበት ቅቤ ጣቴ ላይ አለ።»

ቅቤው ነበር። እማማ ቅቤ ሲመዝኑ በሚውሉበት ጣት ሲነኳቸው ሁለቱ ካርታዎች ስስ ቅባት ይዟቸው እንደ አንድ ይነሣሉ። በጾም ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ጣት ይደርቃል፣ ካርታው ይለያያል። ያ ሁሉ ስግደት ለቅቤ ኖሯል!

«እኔ ስቄ ተውኩት» አሉ እማማ። «አባትህ ግን አልሳቀም። የቅቤ ጥበብ ጥበብ አይደለም ብሎ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት በጾም መጣ። ውኃና ሳሙና ስጪኝ አለ። ሦስቴ አስታጠብኩት። ጣቱን አሸተትኩት። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በደረቅ እጅ፣ ቀስ ብሎ፣ እዚሁ ደጅ ሠራት። እልል አልኩ። በጾም እልል አልኩ!»

አባቴ ይህን ለእኛ አልነገረንም። ማን አስተማረህ ሲባል «የሰው ነው» ይል ነበር፤ እኛ ትሕትና መሰለን። ለካ ቃል በቃል እውነቱን ነበር የሚናገረው። የማታለል ጨዋታ እየተጫወተ አንድ ቀን አልዋሸም፤ የዋሸሁበት እኔ ነኝ። ይህን ለእማማ ነገርኳቸው፤ ጽፌ እንደማርምም ነገርኳቸው።

«ትጽፋለህ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ታጠብ።»

ጋሽ ሸምሱ ውኃ አፈሰሰልኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እማማ ቀኝ እጄን ይዘው፣ ቅቤ ሲገዙ እንደሚያሸቱት፣ ጣት በጣት አሸተቱኝና ለቀቁኝ። ከአባቴ ተምሬ ሃያ ዓመት የተለማመድሁት ጨዋታ ነው። ሰባትዋን መሐል ከተትሁ። ወጣች። እንደገና ከተትሁ። ወጣች። ሦስተኛው ላይ እጅጌዬን ሰበሰብሁና አባቴ ያደርገው እንደነበረው ቀስ አልሁ። በጣም ቀስ አልሁ። ትንሿ ጣቴ የካርታዎቹን ጫፍ ያዘች፤ ሁለቱ እንደ አንድ ተነሡ።

ቀይዋ ሰባት ፀሐይ ላይ ወጣች። እማማ ካርታዋን አላዩም፤ ፊቴን ነበር የሚያዩት።

«ጨዋታዋ የኔ ናት» አሉ። «መታጠቡ የሱ ነው። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

ይኸው ጻፍሁ። ባለፈው ወር ጨዋታውን የፈለሰፈው አባቴ ነው ያልሁት ስሕተት ነው። ባለቤቷ የእንሴኖዋ እማማ ዘነበች ናቸው። ስጽፈው የምዋረድ መስሎኝ ነበር፤ እንዲህ ኮርቼ ግን የጻፍኩት ነገር የለም።

ዓርብ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ቤት

እናቴ በሩን ከፍታ ቦርሳዬን ሳትቀበለኝ ጠየቀችኝ።

«እህ? የሱ ነው፣ አይደለም?»

«አይደለም» አልኋት።

ከንፈሯን ነከሰች። ቀኝ እጄን ወደ አፍንጫዋ አቀረብሁላት።

«አሽትቺው እማዬ።»

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለች፤ ግን አሸተተችው። «ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«እሱ ነው የአባዬ» አልኋት።