በግራ በኩል ለስላሳ

የባለቤቴ ታላቅ እህት በጣቶቿ የምታድር ሴት ናት። ከደረጃ ሥር ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ የሰው ጽሑፍ ትተይባለች፤ የተማሪ መመረቂያ፣ የኪራይ ውል፣ አቤቱታ፣ የመጣውን ሁሉ። እኔ እትዬ እላታለሁ። እሷ ደግሞ ወልጄ፣ ልጄም ቆማ መሄድ ጀምራ እንኳ "ሙሽራ" ነው የምትለኝ። እስከመቼ ብላት፣ ፀጉርሽ እስኪሸብት አለችኝ።

ስትጽፍ ኪቦርዱን አታይም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፣ አፏ ከደንበኛው ጋር ጨዋታ ላይ ነው፣ ጣቶቿ በራሳቸው ይሠራሉ። ገበያ ላይ ቲማቲም ጫን ጫን አድርገን እንደምንመርጠው እሷም ላፕቶፕን በጣቷ ታውቀዋለች። ይሄ ይደርቃል፣ ይሄ ይዘላል፣ ይሄ ከርሞ ይከዳል ትላለች፤ ያለችውም አይቀርም።

ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ስለነበር ቤተሰቡ ስለ ሆዷ ጮክ ብሎ አያወራም። እሷ ግን አንድ ቀን ድንገት ቀና ብላ "ይሄኛውን አልለቀውም" አለችኝ። ስለ ምን እንደምታወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የድሮ ላፕቶፗ ላይበራ ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ "ዶክተር" የሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሦስት ያገለገሉ ላፕቶፖች ነበሩት። ተራ በተራ እየወሰድሽ ሞክሪና ለእጅሽ የሚስማማሽን ያዢ አላት። እግሯ ስላበጠ ጎንበስ ብላ ሽቦ መሰካት አቅቷት ነበርና እኔ ልጄን ለአያቷ ትቼ እየሄድኩ አግዛት ጀመር።

የመጀመሪያው ወፍራምና ከባድ ነው፤ ቁልፉ ሲመታ ቋ ቋ ይላል። እትዬ ከአዲስ ኪቦርድ ጋር ስትተዋወቅ ሁልጊዜ የምትጽፈው አንድ ነገር ነው፤ "ልጁ መጣ"። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን "ልጁ መጥ" ነበር። በላፕቶፕ አማርኛ ሲጻፍ ብዙው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። የመጀመሪያው "ጥ"ን ያመጣል፣ ሁለተኛው "ጣ" ያደርገዋል። ሁለተኛው ካልተነካ "ጥ" እንደሆነ ይቀራል።

"በቀኝ በኩል ድርቅ ያለ ነው፣ በግራ በኩል ግን ለስላሳ" አለች ጣቶቿን እያፍታታች።

ዶክተሩ ፈታታው፣ አቧራውን አራገፈ፣ ራሱ ጻፈበት፤ "ልጁ መጣ" ብሎ አወጣ። ጤነኛ ነው፣ ካልወደድሽው ስሙን አታጥፊበት ብሎ ቀለደባት።

ሁለተኛው ስስ ነው፤ ቁልፉ ከመጥለቁ መሬት ይነካል፣ ጠረጴዛ እንደመነካካት ያለ። እትዬ ጥቂት ሠራችበትና ይሄም በግራ በኩል ለስላሳ ነው፣ እንዲያውም ከፊተኛው ይብሳል አለች። ፊደልም ይጥል ነበር፤ ገጹን አንብቤ ሳርምላት ዋልኩ። ዶክተሩ ሳቀ። "እትዬ፣ ሁለቱ እኮ የተለያየ ቤት ልጆች ናቸው። እንዴት አድርገው በአንድ ጎን ይታመማሉ?" እኔም አብሬው ሳቅኩ። ወደ ቤት ስሄድ ግን ጥያቄው አንገቴ ላይ እንደ ቀዝቃዛ እጅ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ከሁሉም የተሻለ የሚባለው ነበር፤ ዶክተሩ ራሱ ይዞት መጣ። ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ ከቁልፎቹ ላይ ፊደሎቹ ተፍቀው አልቀዋል። ድምፅ የለውም። እትዬ እጇን ስታሳርፍበት ፊቷ በራ። በግራ በኩል ቁልፍ የነካሁ አይመስለኝም፣ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ የነከርኩት ነው የሚመስለኝ አለች። ጻፈች። ቀና ብላም ስክሪኑን አየች።

"ልጁ ምጥ።"

ደግማ ጻፈች። ምጥ። ደግማ። ምጥ። ዶክተሩ ማሽኑን ወደ ራሱ ስቦ ሲጽፍ ተስተካክሎ ወጣ። ለእኔም ወጣ። መልሰን ለእሷ ስንሰጣት ምጥ። በዚህኛው ዶክተሩ አልቀለደም።

እኔ ልጄ ስታተኩስ ቴርሞሜትር የምፈልግ እንጂ ማን አያት የምል ሰው አይደለሁም። ተንበርክኬ ዓይኔን ከኪቦርዱ እኩል አደረግኩና ጻፊ አልኳት። ቀኝ እጇ ይመታል። ከግራዋ ሌባ ጣቷ ብቻ ትደርሳለች። የቀሩት ጣቶች ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ከዚያ አየር ላይ ይቆማሉ። በጣቶቿና በቁልፎቹ መካከል ብርሃን ያልፋል። "ም"ን "መ"፣ "ጥ"ን "ጣ" የሚያደርጉት ቁልፎች ደግሞ ሁለቱም በዚያ በኩል ናቸው።

"እትዬ፣ ቁልፉ ይሰማሻል?" አልኳት።

"ይሰማኛል እንጂ። ምን የመሰለ ነው።"

ወረቀት አንስቼ በጣቶቿ ሥር አሳለፍኩት። ምንም ሳይነካው በወዲያ በኩል ወጣ። እሷ ስክሪኑን እያየች ትጽፋለች።

እጇን ያዝኩ። አብጧል፤ ስጫነው የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ራስሽን ያምሻል ወይ ስላት፣ ከመጀመሪያው ላፕቶፕ ጀምሮ እንደሚወቅራት፣ የስክሪኑ ብርሃን ነው ብላ እንደተወችው ነገረችኝ። ዶክተሩን ታክሲ ፈልግ አልኩት። እሷ ግን አሻፈረኝ አለች፤ የተማሪ ጽሑፍ ሳይደርስ፣ ላፕቶፑም ሳይመረጥ አልነሳም ብላ ድርቅ አለች።

"እትዬ፣ የተበላሸው ማሽኑ አይደለም" አልኳት።

ያኔ ግራ እጇን አየችው። ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ እንደምናይ አድርጋ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ በቀኝ እጇ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ተነሳች።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ አዋላጇ ግፊቷን ለካች። በሌላው ክንዷም ለካች። ፊቷ ተለወጠና ሰው ጠራች። ግፊቱ ወደ ጭንቅላት እየወጣ ነው፣ ቤት ብትቆዩ ኖሮ ለሁለቱም ያሰጋ ነበር አለችኝ። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ትንሽ ነው፣ ግን አለቀሰ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ልቅሶውን ስሰማ እኔም አለቀስኩ።

እጇ ቀስ በቀስ ይመለሳል ብለውናል፤ እኔም እንደሚመለስ አምናለሁ። ሾርባ ይዤ ስገባ ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል፤ ግራ እጇ ጀርባው ላይ ነው። ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንድ በአንድ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ ከደረጃው ሥር ስትተይብ በማውቀው ምት። ደስ ብሎኝ ምን እየጻፍሽ ነው አልኳት።

እትዬ ዓይኗን ከጣሪያው አላነሳችም።

"እጄ እየተንቀሳቀሰ ነው እንዴ?" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ምንም አይሰማኝም።"

ሾርባውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ልይዘው አሰብኩና ተውኩት። ልጁ ይተነፍሳል፤ ጣቶቿም አላቆሙም።