በሙሉ ድምፅ ብቸኞች አይደለንም

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ሥራዬ ስለ ብቸኝነት ነበር። ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ መጠይቅ አለ። «ብቸኝነት ይሰማኛል»፣ «የልቤን የማዋየው ሰው የለኝም» ይላል፤ መላሹ ከ«በጭራሽ» እስከ «ሁልጊዜ» ካሉት አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። የእኔ ድርሻ መጠይቁ የሚለካው እውነት ብቸኝነትን ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለውን በስታቲስቲክስ ሞዴል መፈተሽ ነው። ለዚህ ደግሞ ሰዎች የተለያየ መልስ መስጠት አለባቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከመለሰ ሞዴሉ የሚያነጻጽረው የለውም። እኔም አልሰጋሁም፤ የሰፈራችን ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ አይቼ አላውቅማ።

«እድራችን እያለ ሰው ፍለጋ ምን ያንከራትትሻል?» አለችኝ እናቴ። የምንኖረው ላንቻ ነው። ወረቀቶቹን ለእድሩ ሊቀመንበር ወስጄ ሰጠሁ። ጡረታ የወጡ፣ ስብሰባ ከምግብ የሚበልጥባቸው ሰው ናቸው። «ጣጣ የለውም፤ እሁድ እንሰበሰባለን» አሉኝ። ለአባላቱ ያድሉልኛል ብዬ ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ።

ሰኞ ወረቀቶቹ ተመለሱ፤ ንጹሕ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለባቸው። ሁሉም ላይ፣ በሁሉም ጥያቄ፣ መልሱ «በጭራሽ» ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ባስገባው አላሰላም ብሎ ቁጭ አለ። ካዛንቺስ ወዳለው የአማካሪዬ ቢሮ ይዤ ሄድኩ። አገላብጠው አዩና ቀና አሉ።

«ይህን የሞላሽው ራስሽ ነሽ።»

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ዶክተር።»

«ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ነው የተሞላው። መረጃ ፈጥረሽ ከሆነ ትባረሪያለሽ፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ሮጥኩ።

«እኔ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው» አሉኝ እርጋታቸው ሳይጓደል። «‹ብቸኝነት ይሰማኛል› ለሚለው ምን እንበል? አልኩ። እጅ አወጣን። ጸሐፊያችን ሞላ።»

«ጋሼ፣ እኮ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ነበር የሚመልሰው።»

«እሱማ ገብቶናል። ግን ማለቴ፣ የእድር አባል ሆኖ ብቸኛ ነኝ የሚል ከተገኘ፣ ታዲያ እድሩ ምን ይሠራል ሊባል ነው? አንዲት አባል ‹አልፎ አልፎ› ይባል ብላ ነበር። ተወያየንበት፤ ኋላ እሷም አመነችበት። በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው። ቃለ ጉባኤ አለው።»

ቃለ ጉባኤውን ማኅተም መትተውበት፣ ኮታቸውን ለብሰው አብረውኝ ካዛንቺስ ድረስ መጡ። አማካሪዬ እያነበቡ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ይህን እንደ አድናቆት ወሰዱት። ከመባረር ተረፍኩ። ሥራዬ ግን እንደሞተ ነው።

አማካሪዬ መላ ዘየዱ። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው አይጠየቁ፤ እያንዳንዳቸው በደንብ የሚያውቁትን አንድ የሰፈር ሰው ያስቡና ስለዚያ ሰው ይመልሱ። ስም መጥራት አይፈቀድም። ላፕቶፔን ይዤ ቤት ለቤት ወጣሁ።

የሰው ገመና ሲሆን አፍ እንዴት እንደሚከፈት ያየሁት ያኔ ነው። ስለ ራሳቸው «በጭራሽ» ያሉት ሁሉ ስለ ጎረቤታቸው ከ«አልፎ አልፎ» እስከ «ሁልጊዜ» አዥጎደጎዱልኝ። ባለሱቋ ሴትዮ፣ «አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አልነግርሽም፣ ትቀየማለች» ብለው ጀመሩ።

«ብቸኝነት ይሰማታል?»

«ሁልጊዜ። እናት አለቻት፤ ግን እናት ምን ታድርግ? ኮምፒውተር ላይ እንደተደፋች ነው የምትውለው።»

አዘንኩላት። «ምስኪን» እያልኩ ኮምፒውተሬ ላይ ሞላሁ። ቀጥሎ ባለው ቤትም ስለ አንዲት ልጅ ነገሩኝ፤ ጓደኞቿ አግብተው ከሰፈር ወጥተዋል፣ እሷ ሰው ቤት የምትመጣው ጥያቄ ሲኖራት ብቻ ነው። ይህም አልገባኝም። ይኼ ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው።

ሊቀመንበሩ ጋ ደረስኩ። «ያቺ ልጅ» አሉ፣ «ሻይ ሲቀርብላት እንኳ አትጠጣም። ስትጽፍ ይቀዘቅዝባታል።» ዓይናቸው ከፊቴ ያለው ብርጭቆ ላይ ነበር። ብርጭቆውን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ፊቴ ጋለ። ተናደድኩ፤ ግን ስም ስላልጠሩ የምናገራቸው አጣሁ።

ውጤቱ አማካሪዬን አስደሰታቸው። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ተያያዙ፣ ሞዴሉም በእግሩ ቆመ። «በተለይ ይህቺ ኮምፒውተር ላይ የተደፋችው ልጅ ላይ ሳይሰበሰቡ ተስማምተዋል» አሉ። «አሁን የቀረን የተወራባቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው ለብቻቸው የሚመልሱትን ማየት ነው። ከጎረቤት መልስ ጋር ከገጠመ መጠይቁ አለፈ፤ አንቺም ትመረቂያለሽ።» ልጅቷ ማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም።

ሌሎቹንም ከወሬው ለይቼ አገኘኋቸው፤ ያለ ስብሰባ፣ በር ዘግተው ሞሉልኝ፤ ብዙዎቹም ደፈር ብለው «አልፎ አልፎ» አሉ። የእኔን መጠይቅ ክፍሌ ገብቼ ሞላሁ። የሚያየኝ፣ እጅ የሚያወጣ ማንም አልነበረም። እጄ «በጭራሽ» ላይ ጀምሮ «በጭራሽ» ላይ ጨረሰ።

አማካሪዬ ስክሪኑ ላይ ከሁሉም ርቃ የተገለለችውን አንዲት ነጥብ በጣታቸው ነኩ። «ሌላው ሁሉ ይገጥማል። ይህቺ ልጅ ግን እየዋሸች ነው፤ ሞዴሉን የምታበላሸውም እሷ ናት። ሂጂና በደንብ አድርገሽ ጠይቂያት።»

«እሺ፣ እጠይቃታለሁ» አልኩ።

ታክሲ ውስጥ መጨረሻው ወንበር ላይ ገባሁ። ባምቢስ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ልጠይቃት አሰብኩና ፈራኋት። ማልቀሴን ያወቅኩት መነጽሬ ሲደበዝዝ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት የማላውቃቸው ሴትዮ ዞር አሉ።

«ደህና ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

ተመስገን ልል አፌን ከፈትኩ።

«አይ፣ ደህና አይደለሁም» አልኳቸው።

መሃላችን የነበረውን ዘንቢል አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።